የጓሯችን የኮባ ታሪክ

የዛሬው ንባባችን በሩቅ ስላለ ነገር አይደለም። በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ በቤት ጓሮ ስለሚበቅለው ስለ ኮባ ነው።

እስቲ ኮባን ልብ ብላችሁ እዩት። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ዛፍ ይመስላል፤ ዛፍ ግን አይደለም። ብትቆርጡት እንጨት አታገኙበትም። ግንዱ አንዱ በሌላው ላይ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። ሙዝም ይመስላል፤ ሙዝም አይደለም። ፍሬው በጠንካራ ጥቁር ዘር የተሞላ ስለሆነ አይበላም። ኮባ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ አፍርቶ ይሞታል።

በጎንደር አገር ኮባ የሚፈለገው ለቅጠሉ ነው። የበዓል ድፎ ዳቦ ሲደፋ እናቶች ቅጠሉን ይቆርጣሉ። እሳት አስነክተው ያለሰልሱታል። በምጣዱ ላይ ያነጥፉታል፤ ሊጡንም ያፈሱበታል። ከላይም በቅጠል ይሸፍኑታል። ዳቦው አያርርም፤ ሽታውም ያውዳል። ከዚህ ሌላ ኮባ የጓሮ ጌጥ ነው።

ታዲያ ኮባ ለቅጠሉ ብቻ ነው እንዴ የሚጠቅመው? አይደለም! ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 ጎንደር ገባ። ያየውንም በ1790 በመጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የእንሰትን ሥዕል አወጣ። ተክሉ በጎንደር በደንብ እንደሚያድግ፣ ከዓባይ ማዶ በምዕራብ በኩል ግን በብዛት ተተክሎ የሕዝብ ምግብ እንደሆነ ጻፈ። ተቀቅሎ ሲበላ ጣዕሙ ገና ያልበሰለ ትኩስ የስንዴ ዳቦ ይመስላል አለ። ከብሩስም ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ሎቦ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ ስለ እንሰት ጽፏል።

አያችሁ? ኮባና እንሰት አንድ ተክል ናቸው!

በፈረንጆች 1853 ደግሞ ፕላውደን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ወደ ለንደን ላከ። ከዚያ በኋላ ፈረንጆችም በአትክልት ቦታቸው ለጌጥ ተከሉት። እነሱም የተከሉት ለውበቱ እንጂ ለምግብ አልነበረም።

ወደ ደቡብ ብትሄዱ ነገሩ ሌላ ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በከምባታና በሀዲያ እንሰት የቤቱ ጎተራ ነው። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በእንሰት ይኖራል። ሥሩን ቀቅለው አሚቾ ይበላሉ። ግንዱን ፍቀው፣ ሥሩን ከትክተው በጉድጓድ ያብላላሉ፤ ቆጮና ቡላም ያገኛሉ። ከቃጫው ገመድ ይሠራሉ። ቅጠሉን ለከብት ያበላሉ። ሲያራቡትም ሥሩን ቆርጠው፣ መሐሉን አውጥተው ይቀብሩታል። ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኝ ይወጣል።

እንሰት በአካሉ ውኃ ይይዛል። ስለዚህ ዝናብ ለተወሰኑ ወራት ቢጠፋም ቶሎ አይሞትም። እህል ግን ዝናብ ሲጠፋ በአንድ ክረምት ይከዳል። የጋይንትና የስማዳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ስንቱ ቤት ባዶ ቀረ! ኮባ በጓሮ ቆሞ ሳለ፣ ምግብ የማድረግ ሙያው ግን በእጃችን አልነበረም።

ይህን አንብባችሁ ነገ ኮባችሁን ቆርጣችሁ አትቀቅሉ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። መፋቁና ማብላላቱም ሙያ ነው። ሙያውን ከሚያውቅ ሰው አይታችሁ ተማሩ። እስከዚያው ጥቂት ኮባ ጨምራችሁ ትከሉ። ፍግ ስጡት። ውርጭ ከሚመታው ቦታ አርቁት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ተክል በጓሮ ሊቀር ይችላል፤ ዕውቀት ግን ካልተነገረና ካልተጻፈ ይጠፋል። አሁን እናንተ መጻፍ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ዛሬ ማታ በሰፈራችሁ ካሉት አረጋውያን እማማን ወይም አባባን ጠይቁ፦ «ኮባ ድሮ ለምን ለምን ይጠቅም ነበር?» የሚነግሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት።

ደኅና ሁኑ!