የእግር ኳስ ሜዳ ለቤት አልባዎች ወደ ኅብረተሰቡ መመለሻ

የቤት አልባዎች የዓለም ዋንጫ ተብሎ የሚጠራው ውድድር ሐሳብ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ በ2001 በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ነው። ጎዳና ተዳዳሪዎች እየሸጡ ገቢ የሚያገኙባቸው ጋዜጦች አዘጋጆች በዚያ ጉባዔ ላይ ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ሜል ያንግና ኦስትሪያዊው ሃራልድ ሽሚድ የጋራ ቋንቋ የሌላቸውን ቤት አልባዎች በምን ማገናኘት እንደሚቻል ተወያይተው ኳስን መረጡ።

የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ በ2003 በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ በ18 ቡድኖች መካከል ተካሂዶ ዋንጫውን አስተናጋጇ አገር ወሰደች። እ.ኤ.አ በ2008 በሜልቦርን የሴቶች ውድድር ሲታከል ዛምቢያ አሸናፊ ሆናለች። ከ2020 እስከ 2022 በኮቪድ-19 ምክንያት ተቋርጦ የነበረው ውድድር በ2023 በአሜሪካ ሳክራሜንቶ ቀጥሏል።

ጨዋታው ግብ ጠባቂውን ጨምሮ በ4 ተጫዋቾች፣ በ7 ደቂቃ ሁለት አጋማሾች ይካሄዳል። ሜዳው ጠባብ፣ ሰዓቱም አጭር በመሆኑ አካሉ የተጎሳቆለ ሰውም መሰለፍ አያዳግተውም። ከደንቦቹ ሁሉ ትኩረት የሚሻው ግን አንድ ተጫዋች የሚሳተፈው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ዋንጫው በራሱ ግብ አይደለም። ዋናው ሥራ የሚከናወነው ዓመቱን ሙሉ በየአገሩ በሚካሄደው ልምምድ ነው፤ ቀኑን ከቀን ሳይለይ ለኖረ ሰው የተወሰነ ሰዓትና ሲቀር የሚጠይቀው አሠልጣኝ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

በአሜሪካ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ በ2007 የተመሠረተው ባክ ኦን ማይ ፊት የተባለ ድርጅት ይህንኑ በሩጫ ይሠራል። በመጠለያ የሚኖሩ ሰዎች በሳምንት 3 ቀን ማለዳ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ይሮጣሉ። በ30 ቀናት ውስጥ ከልምምዱ 90 በመቶ የተገኘ ሰው ወደ ሥራ ሥልጠናና ወደ ቤት ፍለጋ ድጋፍ ይሸጋገራል። የሚመዘነው ፍጥነቱ ሳይሆን መገኘቱ ነው።

ስፖርት ብቻውን ቤት እንደማይሆን ግን ግልጽ ነው፤ ከልምምድ በኋላ የሚገባበት የሌለው ሰው ተመልሶ ጎዳና ላይ ያድራል። ሰነድም ሌላው እንቅፋት ነው። በ2005 ለኒውዮርክ ታስቦ የነበረው ውድድር በቪዛ ችግር ወደ ስኮትላንድ ኤደንብራ ተዛውሮ፣ እዚያም አንዳንድ የአፍሪካ ቡድኖች መግቢያ ተከልክለዋል። ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው ፓስፖርት ለማውጣት በቅድሚያ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ማግኘት ስላለበት፣ የቡድን መሪዎች ሥራ ከኳሱ በፊት የሚጀምረው በመዝገብ ቤት ደጃፍ ነው።