ለበዓል ጥፍርና እጅን በቤት ማቅለም፦ እንሶስላ፣ ጥቁር ሂና እና የጥፍር ቀለም

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያሉ ልጃገረዶች ለእንግጫ ነቀላና ለእንቁጣጣሽ ይዘጋጃሉ። እንሶስላ መሞቅ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ደግሞ የጥፍር ቀለም፣ ሰው ሠራሽ ጥፍርና "ጥቁር ሂና" ተጨምረዋል። አብዛኛው ጉዳት አያስከትልም። ጉዳት የሚያስከትለውን ለይቶ ማወቅ ግን በዓሉን ጤና ጣቢያ ከማሳለፍ ያድናል።

እንሶስላ

እንሶስላ እርጥበት ባለው ጥላማ ቦታ የሚበቅል ተክል ሲሆን ቀለሙ የሚገኘው ከሥሩ ነው። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይደረግና ተጠቅልሎ ያድራል። ሲጠቀሙ፦

• ሥሩን አፈሩ እስኪለቅ በንጹህ ውሃ ይጠቡ።
• የተቆረጠ፣ የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ አያድርጉ።
• አጥብቀው አይሰሩ። ጣት ከደነዘዘ ወይም ካበጠ ወዲያው ይፍቱት።
• ቶሎ እንዲጠቁር ብለው የፀጉር ቀለም አይቀላቅሉበት።

ቀለሙ ከቆዳ ላይ በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። ጥፍር ላይ የሚለቀው ግን ጥፍሩ አድጎ ሲቆረጥ ነው፤ የእጅ ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት 6 ወር ያህል ይፈጅበታል።

ጥቁር ሂና

ንጹህ ሂና ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ሲሆን ቀለም ለመያዝ ሰዓታት ይፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ድቅድቅ ጥቁር ከሆነ፣ ለፀጉር ማቅለሚያ የሚውለው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን የተባለ ኬሚካል ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ይህ ኬሚካል ቆዳን ያሳክካል፣ ያቀላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ምልክቱ በማግሥቱ ወይም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ትልቁ ችግር ግን በኋላ የሚመጣው ነው። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ አለርጂው ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ልጅዎ ዛሬ በእጇ ላይ ከተቆጣች፣ ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ ክፉኛ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ጥቁር ሂና ለማንም፣ በተለይ ለሕፃናት፣ አይጠቀሙ። የፀጉር ቀለም ዱቄት ከተዋጠ ጉሮሮን አሳብጦ ሊገድል ስለሚችል ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቆለፍበት።

የጥፍር ቀለምና ሰው ሠራሽ ጥፍር

• አሴቶን እሳት በፍጥነት ይይዛል። ቡና እየተፈላ፣ ከሰል ወይም ጧፍ በበራበት ክፍል አይጠቀሙ፤ መስኮት ይክፈቱ።
• አሴቶንን በሃይላንድ ጠርሙስ አያስቀምጡ። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።
• ሰው ሠራሽ ጥፍር በሱፐር ግሉ አይለጥፉ። ጥጥ ወይም የጥጥ ልብስ ላይ ከፈሰሰ በኃይል ስለሚግል ቆዳ ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ያጥቡ፣ የተጣበቀውን በኃይል አይለያዩ፣ ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ።
• የጥፍር መቁረጫና ምላጭ አይዋዋሱ። በደም ንክኪ ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል።

ቀለሙ የሚደብቀው ነገር

ሐኪም ጥፍርዎን የሚያየው በምክንያት ነው። የጥፍር መገርጣት የደም ማነስን፣ መጥቆር ወይም መሰማያዊ የኦክስጅን እጥረትን ሊያሳይ ይችላል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በጥቁርና በሰማያዊ ቀለም ምክንያት ሊሳሳት ይችላል። ለቀዶ ሕክምና ወይም ለወሊድ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ቀለሙን አስለቅቀው ይሂዱ፤ እንሶስላ ከሞቁ ደግሞ ለባለሙያው ይንገሩ። በአንድ ጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካዩ በቀለም ሳይሸፍኑት ይታዩ።

የስኳር ሕመም ካለብዎ እግርዎ ሳይሰማዎት ሊቆስል ስለሚችል፣ የእግር ጥፍርዎን ዙሪያ በምላጭ አይፋቁ።

ከመቀባትዎ በፊት

አዲስ ነገር ከሆነ ጥቂቱን በክንድዎ መታጠፊያ ላይ ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ይተዉት።

ቆዳዎ ከተቆጣ

በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ውሃ የቋጠረውን አያፈንዱ፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም በረኪና አይቀቡ። ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፣ የተጠቀሙበትን ቀለም ማሸጊያም ይዘው ይምጡ።