ቀዩ ሳህንና ዩራኒየም

በአሜሪካ ከምንኖረው ወገኖች ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቤታችንን ያሟላነው ከያርድ ሴልና ከአሮጌ ዕቃ መደብር ነው። በእነዚህ ቦታዎች ብርቱካናማ ቀይ የሆነ፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሳህን አልፎ አልፎ ይገኛል። ከጀርባው «ፊየስታ» የሚል ጽሑፍ ካለው፣ ምሳ ከማቅረባችሁ በፊት ታሪኩን ማወቅ ይበጃል።

በሸክላ ዕቃ ላይ ተቀብቶ በእሳት የሚቀልጠው ልባስ ቀለሙን የሚያገኘው ከማዕድን ነው፤ የልብስ ማቅለሚያ የምድጃውን ሙቀት አይችልም። ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ አረንጓዴ፣ ብረት ቡናማ ይሰጣል። (የእኛ ጀበና ልባስ የለውም፤ ጥቁረቱ ከጭስ ነው።) ሠሪዎችን ሲያስቸግር የኖረው ቀይ ነው። ቻይናውያን ከመዳብ ቀይ ማውጣት ችለዋል፤ ይህ ግን የምድጃውን አየር በጥንቃቄ መቀነስ ስለሚጠይቅ ጥቂት ከተሳሳቱ ቀለሙ ይበላሻል። ሳህን በገፍ ለሚያመርት ፋብሪካ አይመችም። ዩራኒየም ግን እርሳስ በበዛበት ልባስ ውስጥ ሲገባ ደማቅ ቀይ ይወጣዋል።

ስለዚህም በዌስት ቨርጂኒያ፣ ኒዌል ከተማ፣ በዚያን ጊዜ ሆመር ላፍሊን ይባል የነበረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1936 ፊየስታን ለገበያ ሲያወጣ ለቀዩ ዩራኒየምን መረጠ። ዕቃውን የነደፈው በትውልዱ እንግሊዛዊ የሆነው ፍሬድሪክ ሪድ ነበር። ከቀለማቱ ሁሉ በዋጋ የሚበልጠውም ይኸው ቀይ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንግሥት ዩራኒየሙን ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ ስለፈለገው በ1943 ገደማ ቀዩ ሳህን ቆመ። በኦገስት 1945 ሂሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ የተሠራው ከዩራኒየም ነው። በ1959 ቀዩ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ለቦምብ የሚፈለገው ክፍል ከወጣለት ከተራፊው ዩራኒየም ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጨርሶ ቀረ።

ሳህኑን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ማየት ብዙ አያሰጋም። ችግሩ መብላት ላይ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ከልባሱ ዩራኒየሙንም እርሳሱንም ያሟሟሉ፤ የቦካው እንጀራችንም ከኮምጣጣዎቹ ወገን ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ዕቃ፣ በተለይም የተሸረፈውን፣ ለምግብና ለመጠጥ አትጠቀሙበት ይላል። ከ1986 ወዲህ የሚሠራው አዲሱ ፊየስታ እርሳስም ዩራኒየምም የለበትም።