ከ9ኛው እስከ 69ኛው

የዛሬው ትረካ የሁለት ልጆች ነው። ሁለቱም በዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ባሉ ኮሌጆች የተጫወቱ፣ ሁለቱም ዋይድ ሪሲቨሮች፣ ሁለቱም በ2017ቱ ድራፍት ስማቸው የተጠራ። አንደኛው ጆን ሮስ ነው፣ ሌላኛው ኩፐር ካፕ።

ለአሜሪካ ፉትቦል እንግዳ የሆነ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ዋይድ ሪሲቨር፣ ባጭሩ ተቀባይ፣ ማለት ከመስመሩ ዳር ተነሥቶ እየሮጠ፣ ኳርተርባኩ የሚወረውርለትን ኳስ በእጁ የሚቀልብ ተጫዋች ነው። ድራፍት ደግሞ ኤንኤፍኤል በሚባለው የሙያተኞች ሊግ ያሉት 32ቱ ቡድኖች ከኮሌጅ የወጡትን ልጆች ተራ ጠብቀው የሚመርጡበት ነው። ደካማው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ ቀድሞ የተመረጠ ልጅም በብዙ ገንዘብ ይፈርማል።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2017 ኢንዲያናፖሊስ፣ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ውስጥ ነን። ኮምባይን የሚባለው ፈተና የሚካሄድበት ቀን ነው። ልጆቹ ይመዘናሉ፣ ይለካሉ፣ ይዘላሉ። ሁሉም ዓይን የሚጠብቀው ግን የ40 ያርዱን ሩጫ ነው፤ 36 ሜትር ተኩል ያህል፣ ቀጥ ያለ መንገድ። ሮስ ጎንበስ አለ፤ ተነሣ፤ በረረ። 4.22 ሰከንድ! ክሪስ ጆንሰን በ2008 ያስመዘገበው የ4.24 ክብረ ወሰን ተሰበረ። አዲዳስ በእኔ ጫማ ሮጦ ክብረ ወሰኑን ለሰበረ ደሴት እሸልማለሁ ብሎ ነበር፤ የሮስ ጫማ ናይኪ ስለነበር ደሴቱ ቀረበት። ስሙ ግን በአንድ ቀን አገሩን አዳረሰ።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ ካፕም ሮጠ። 4.62። ጎን ለጎን ቢሮጡ ኖሮ፣ ሮስ ሲጨርስ ካፕ ገና ከሦስት ያርድ በላይ ይቀረው ነበር። በዚህ ሙያ ሦስት ያርድ ብዙ ነው፤ ኳስ ለመቀለብና ለመነጠቅ ከዚያ ያነሰ ይበቃል።

ሚያዝያ መጣ። ሲንሲናቲ ቤንጋልስ በ9ኛው ተራ ሮስን ጠራ። ካፕ ግን ጠበቀ። የመጀመሪያው ዙር አለቀ፣ ሁለተኛውም አለቀ፣ ስድስት ተቀባዮች ከፊቱ ተጠሩ። በሦስተኛው ዙር፣ በ69ኛው ተራ፣ ሎስ አንጀለስ ራምስ ወሰደው።

መራጮቹ ያለ ምክንያት አልዘለሉትም። ካፕ ያኪማ በተባለች ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ፣ አያቱም አባቱም በኤንኤፍኤል የነበሩ ሆነው ሳለ፣ ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም ስኮላርሺፕ አልሰጠውም። ቼኒ ከተባለች ትንሽ ከተማ፣ ኢስተርን ዋሽንግተን ገባ፤ ከዋናዎቹ ኮሌጆች አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ በአራት ዓመት 428 ኳስ ቀለበ፣ 6,464 ያርድ ሄደ፣ 73 ጊዜ ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አሻግሮ ታችዳውን አስቆጠረ። ተጫዋች የሚመለምለው ስካውት ግን «በማን ላይ?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

መልሱ ግን ፊልሙ ላይ ነበር! እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው። ካፕ በኮሌጅ ዘመኑ ከትልቁ ከፓክ-12 ምድብ ቡድኖች ጋር አራት ጊዜ ተጋጥሟል። በ2013፣ ገና በመጀመሪያ ጨዋታው፣ ኦሪገን ስቴት ላይ 119 ያርድና ሁለት ታችዳውን። በ2014 ሲያትል ድረስ ሄዶ፣ ሮስ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ላይ 145 ያርድና ሦስት። በ2015 ኦሪገን ላይ 15 ኳስ ቀልቦ 246 ያርድና ሦስት። በ2016 ዋሽንግተን ስቴት ላይ 206 ያርድና ሦስት። ሲደመር 40 ኳስ፣ 716 ያርድ፣ 11 ታችዳውን። እንግዲህ «በማን ላይ?» ላለ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይቀርባል?

ተቀባይን የሚመዝን ሰው ምን ማየት አለበት? በሬ የሚታወቀው ሲጠመድ ነው። ሰዓቱ ቀጥ ያለ ሩጫን ይለካል፤ ጨዋታው ግን በቀጥታ አይሮጥም። ተቀባዩ አሥር ያርድ ሮጦ በድንገት ይቆማል፣ ይታጠፋል፣ ወደ ውስጥ ይሰብራል። ይህን የሩጫ መንገድ ሩት ይሉታል። ጥሩ ተቀባይ ሁሉንም ሩት በአንድ ዓይነት አነሣስ ስለሚጀምር የሚጠብቀው ተከላካይ፣ ኮርነርባኩ፣ ወዴት እንደሚታጠፍ አያውቅም። የተከላካዩ ዳሌ ወደ አንድ ወገን ሲዞር እሱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ለመታጠፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሦስት አራት እርምጃ ያባክናል ወይስ በአንዷ ይበቃዋል? ኳሱን በጣቱ ይይዛል ወይስ ደረቱ ላይ ያሳርፋል? ተከላካዮቹ ክልል ተከፋፍለው ሲጠብቁ ባዶውን ቦታ አግኝቶ ይቆማል? እነዚህን የሚነግር ሰዓት የለም። ሰው ተቀምጦ፣ ፊልሙን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ደጋግሞ ማየት አለበት። አድካሚ ሥራ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል አንዲት ቁጥር የምታሸንፈው።

ውጤቱን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሮስ አንድም ኳስ አልቀለበም። ካፕ በወጣቱ አሠልጣኝ በሾን ማክቬይ ሥር 62 ቀለበ፣ 869 ያርድ። በሮስ ላይ ግን አልፈርድም፤ ገና ከኮሌጅ ጀምሮ ጉልበቱና ትከሻው አሠቃይተውታል፤ በ2018 ደግሞ 21 ኳስ ቀልቦ ሰባቱን ታችዳውን ያደረገ ልጅ ነው። ካፕም በዚያው ዓመት የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነበር። የአካል ዕጣ ፈንታን ማንም ስካውት አይተነብይም። የሩት ጥበብ ግን ለሚያይ ሰው ፊት ለፊት ይታያል።

በ2021 የውድድር ዘመን ካፕ 145 ኳስ ቀለበ፣ 1,947 ያርድ፣ 16 ታችዳውን፤ በሦስቱም ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2022 ራምስ የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ ወደ ሆነው ሱፐር ቦውል ገባ። ተጋጣሚው ማን ነበር? ሲንሲናቲ ቤንጋልስ! ሮስ ያኔ ቡድኑን ለቅቆ ነበር። ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሲቀረው ካፕ የማሸነፊያዋን ታችዳውን ቀለበ፤ 23 ለ 20። የዕለቱ ምርጥ ተጫዋችም እሱ ሆነ።

ጊዜ ያላችሁ የ2015ቱን የኦሪገን ጨዋታ ፈልጋችሁ እዩልኝ። ኳሱን ተዉትና የካፕን እግር ብቻ ተከተሉ።