ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ ቤትን ስለ መጠበቅ

ሰው ከቤቱ ርቆ በሚሄድበት ጊዜ ልቡ በሁለት ይከፈላል፤ እኩሌታው ከእርሱ ጋራ ሲጓዝ እኩሌታው በደጃፉ ይቀራል። ስለዚህ መንገድ ከመጀመሩ አስቀድሞ በሩን ይቈልፋል፤ መስኮቱን ይዘጋል፤ ዘበኛውን ያስጠነቅቃል፤ በመጨረሻም ወደ ጎረቤቱ ጎራ ብሎ «አደራ» ይላል። ከእነዚህ መጠበቂያዎች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው እንደ ሆነ ለመመርመር የአገራችንን ታሪክ ለምስክርነት ብንጠራ መልካም መስሎ ታይቶናል፤ የአንድ ሰው ቤትና የመንግሥት ቤት በስፋት ቢለያዩም በጠባይ ይመሳሰላሉና።

በቀድሞ ዘመን ኢትዮጵያዊውን ለብዙ ጊዜ ከቤቱ የሚያርቀው ዋናው ምክንያት ዘመቻ ነበር። የክተት ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ ገበሬው ስንቁን ሰንቆ ሲወጣ የሚቀሩት ሽማግሌዎች፥ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ ሠራዊቱን ተከትለው ይዘምቱ ነበር። እህል በጉድጓድ ተቀብሮ አፉ ይደፈናል፤ ውድ ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ዕቃውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ በአደራ ያስቀምጣል። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጎጆ እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን ሰው የሚተማመንበት በግድግዳው ውፍረት አልነበረም፤ አደራ የተቀበለው ሰው እግዚአብሔርንም ሰውንም ስለሚያፍር ነው እንጂ። «አደራ በላ» የሚባለው ስድብ ከሌባነት የከፋ ሆኖ መቈጠሩም ከዚህ የተነሣ ነው። ሌባ የሚሰርቀው ዕቃ ነው፤ አደራ በላ ግን የሚሰርቀው እምነትን ነው።

ከዚህ ቀጥለን ወደ ቤተ መንግሥት እንግባ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ሰሜን በዘመቱ ጊዜ እቴጌ ጣይቱም አብረው ዘምተዋልና ገና በመቈርቈር ላይ የነበረችው አዲስ አበባ ያለ ጌታና ያለ እመቤት ቀረች። ንጉሠ ነገሥቱ ቤታቸውን የሚጠብቅ ሰው በፈለጉ ጊዜ የመረጡት አጎታቸውን ራስ ዳርጌን ነው። ራስ ዳርጌ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ሲሆኑ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እንደ ምኒልክ ሁሉ የመቅደላን እስር የቀመሱ፥ በዕድሜም የሸመገሉ መስፍን ነበሩ። የካቲት 23 ቀን የዐድዋ ድል ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በግንቦት ወር ሲመለሱ ዙፋናቸውን የተቀመጠበት ሌላ ሰው አላገኙም። በዐድዋ የተዋጉት ስማቸው በየዓመቱ ሲወሳ ቤት የጠበቁት ሽማግሌ እምብዛም አይነሡም። ይሁን እንጂ ኋላውን የሚጠራጠር ሠራዊት ፊቱን ወደ ጠላት አጥንቶ ሊያቀና አይችልምና ከድሉ ለእርሳቸውም ድርሻ አላቸው ማለት ይገባናል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ ተፈጸመ። ልጅ ኢያሱ ከዋና ከተማቸው መራቅን ያዘወትሩ ነበር፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል ዕለት፥ እርሳቸው በሐረር አገር ሳሉ መኳንንቱና ሊቃነ ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ከሥልጣን አወረዷቸው። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ቤት ለማስመለስ ጦር ይዘው ቢመጡም በዚያው ዓመት ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ተሸነፉ። ቤቱን ያስረከቡት ከውጭ የመጡ ወንበዴዎች ሳይሆኑ በውስጡ የቀሩት፥ በጌታው ላይም ቅሬታ የነበራቸው ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ ይህን ያዩ ስለ ነበሩ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ሌላ ዘዴ አደረጉ። ንግሥቲቱና የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ ሲቀሩ የጎጃሙን ራስ ኃይሉንና የትግሬውን ራስ ሥዩምን ግን ከእርሳቸው ጋራ ይዘው ሄዱ። መሳፍንቱ ኢየሩሳሌምን፥ ፓሪስን፥ ሮማንና ሎንዶንን አብረው ጐበኙ፤ ቤት የሚያሰጋው ሰው የጌታው የመንገድ ጓደኛ ሆነ ማለት ነው። ጉዞው በደኅና ተፈጸመ።

ዳሩ ግን ብልኀት ሁሉ ለሁልጊዜ አያገለግልም። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ቤተ መንግሥቱን የያዘው ራሱ ጠባቂው፥ የክቡር ዘበኛ ጦር፥ ነበር። አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ የመሩት ይህ አድማ በራዲዮ ባስነገረው ዐዋጅ የሕዝቡን ድህነትና የአገሪቱን ወደ ኋላ መቅረት ያነሣ ነበር። የምድር ጦርና የአየር ኃይል ስለ ተቃወሙት በጥቂት ቀን ውስጥ ከሸፈ፤ ሲከሽፍም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተይዘው የነበሩት ሚኒስትሮችና መሳፍንት በጥይት ተመቱ። ከሞቱት አንዱ በ1916 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ባሕር የተሻገሩት ያው ራስ ሥዩም ነበሩ። ገነተ ልዑልም በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ደም የፈሰሰበት ግቢ እስከ ዛሬ የትምህርት ቤት ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ ከአራቱ ታሪኮች የምንረዳው ምንድር ነው? ቁልፍ የሚያግደው የውጭውን ሰው ብቻ ነው፤ ዘበኛም ቢሆን መሣሪያውን ወዴት እንደሚያዞር የሚወስነው ልቡ ነው። በቤቱ ድርሻ አለኝ የሚል ሰው ጌታው በሌለበት ጊዜ እንደ ራሱ አድርጎ ይጠብቃል፤ ድርሻ የለኝም የሚል ግን ጌታው ባለበት ጊዜ ሁሉ ቀን ይቈጥራል።

ዛሬ ለበዓል ወደ አገር ቤት የምንወርድ፥ ወይም ለሥራ ባሕር የምንሻገር ሁሉ በራችንን መቈለፋችን የሚገባ ነው። ነገር ግን ጎረቤታችንን በደስታውም በኀዘኑም ሳንጠይቅ ከርመን፥ የዘበኛችንንም ደመወዝ አሳድረን፥ በጉዞ ዋዜማ «አደራ» ብንል ቃሉ ባዶ ይሆናል። አደራ የሚሰጠው በመሄጃው ቀን ቢሆንም የሚዘጋጀው ግን በቤት ሳሉ ነው።