ሲጣል የኖረው የእትብት ደም

በቀደም በታክሲዬ ወደ ሐኪሟ ያደረስኳት ነፍሰ ጡር የአገር ልጅ የባዮሎጂ አስተማሪ እንደነበርኩ ስትሰማ፣ «ጋሼ፣ የእትብቱን ደም ትለግሻለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እኛ እትብት ስንቀብር እንጂ ስንለግስ አላየሁም፤ ምን ሊያደርጉት ነው?» አለችኝ። መንገዱ አጭር ስለነበር መልሴን ሳልጨርስ ወረደች። እነሆ ቀሪው ለእናንተ።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። አንድ አሜሪካዊ ሕፃን ፋንኮኒ አኒሚያ በሚባል፣ መቅኔ ደም መሥራት እንዲያቅተው በሚያደርግ የዘር በሽታ ይሠቃይ ነበር። እናቱ ያረገዘቻት ሴት ልጅ ጤናማ እንደሆነችና ለወንድሟም እንደምትስማማ በምርመራ ታወቀ። ስትወለድ ከእትብቷና ከእንግዴ ልጁ የተቀዳው ደም፣ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ሃል ብሮክስማየር ከመረመሩት በኋላ፣ በረዶ ሆኖ ፓሪስ ገባ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በሴን ሉዊ ሆስፒታል ዶክተር ኤሊያን ግሉክማን ለልጁ ሰጡት፤ አዲስ ደም ሠራ፣ አድጎም ለአዋቂነት በቃ። እስከዚያ ድረስ ይህ ደም ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚጣል ነበር። በ1992 ደግሞ ፓብሎ ሩቢንስታይን በኒውዮርክ የደም ማዕከል የሕዝብ የእትብት ደም ባንክ አቋቋሙ።

ታዲያ ከአዋቂ ደም በምን ይለያል? በአዋቂ ደም ውስጥ ቲ ሴል ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ብዙዎቹ ከበሽታ ጋር ተዋግተው ጠላታቸውን የሚያስታውሱ ነባር ወታደሮች ናቸው። ወደ ሌላ ሰው ሲገቡ የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁት ይችላሉ። የእትብት ደም ቲ ሴሎች ግን አብዛኞቹ ውጊያ ያላዩ ምልምሎች ናቸው። ስለዚህ ሰጪና ተቀባይ ሙሉ በሙሉ ባይገጣጠሙም የተሻለ ይቻቻላሉ። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ምልምል በሽታን ለመመከት ይዘገያል። በዚያ ላይ የአንድ እትብት ደም ጥቂት ስለሆነ፣ አዲሱ ደም እስኪያቆጠቁጥ ታማሚው ለሳምንታት ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። በተለይ ለአዋቂ ሰው አንዱ አልበቃ ብሎ የሁለት ሕፃናት ደም የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ይህ እኛን ለምን ይመለከተናል? በ2014 በታተመ የአሜሪካ ጥናት መሠረት፣ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ዝግጁ መቅኔ ሰጪ ከመዝገብ የማግኘት ዕድል ለአውሮፓ ዝርያ ነጮች 75 በመቶ ሲሆን ለጥቁር አሜሪካውያን 19 በመቶ ብቻ ነው። የአፍሪካ ዝርያ በዘር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የተመዘገበው ለጋሽ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ግማሽ በግማሽ ከሚስማማ የቤተሰብ አባል መቅኔ የሚወሰድበት ዘዴ ቢስፋፋም፣ ሁሉም ሰው ዘመድ በአጠገቡ የለውም። ስደተኛ ይህን ያውቃል።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ደሙ የሚቀዳው ልጁ ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ስለሆነ እናትንም ልጅንም አያሳምምም። ሁሉም ሆስፒታል አይቀበልምና ከመውለጃችሁ ወራት አስቀድማችሁ ጠይቁ። እትብታችን የተቀበረበት አገር ሩቅ ነው፤ እዚህ የሚወለዱት ልጆቻችን ደም ግን አንድ የማናውቀውን ሕፃን ሊያተርፍ ይችላል።