የፑሌጃ አፈታት ጥበብ በአዲስ አበባ

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ከተቀበሉ በኋላ፣ ይልቁንም ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን በቆየበት በዚያ የመከራ ዘመን የጭነት መኪናው በየአውራ ጎዳናው በመብዛቱ፣ የጥገናው ሙያ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃልና በእጅ እየተላለፈ፣ ባለመኪናው ራሱ በደጃፉ እጅጌውን ሰብስቦ ሞተሩን የሚፈታበት ልማድ ሥር ሰደደ።

ከዚህ ሥራ ሁሉ ቺንጋ የሚዞርበትን መዘውር፣ ፑሌጃን፣ እንደ መፍታት ትዕግሥትን የሚፈትን የለም፤ ቡሎኑ ከወጣ በኋላ እንኳ ዝገት ከዘንጉ ጋር አዋሕዶት፣ በሁለት እጅ ቢስቡት ንቅንቅ አይልም። መዶሻን የመረጠ ጠርዙን ይሰብራል፤ ሙያውን የተማረ ግን ናፍጣ አፍስሶ ያሳድርና፣ ባለሦስት እግሩን መንቀያ አስይዞ የመሐሉን ቡሎን በዘንጉ አናት ላይ ጥቂት በጥቂት ያጠብቃል፤ ኃይሉም ለሦስቱ እግሮች እኩል ስለሚከፈል ፑሌጃው ሳይጣመም ይወጣል። እኔ ከጋራዥ ጥበባት ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ለተሰበረው ምትክ የሚፈልግም ዛሬም የሚወርደው ወደ መኪና መለዋወጫ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ነው።